የጋሽ በላቸው ቬርዶኒ

ባለፈው ወር ለሥራ ሳዑዲ፣ አል ኾባር ሄጄ፣ የባሕር ዳሩ መንገድ፣ ኮርኒሹ ላይ ከአንድ ብስክሌት አከራይ ፊት ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ሰውየው የተበሳ ከመነዳሪ ሊለጥፍ የማስቲሽ ቱቦ ከፍቶ ነበር። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሥራዬንም ዕድሜዬንም ረሳሁ። ዐቅረቢያ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባቧ በረንዳችን ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጢጥ አልኩ።

«ምን ያስቃል?» አለኝ ሰውየው በዓረብኛ።

«ምንም የለም። አንድ ብስክሌት ስጠኝ» አልኩት።

ልጅ ሳለሁ ይህን ብል ኖሮ ሰውየው ማስቲሹን ጥሎ በሸሸ ነበር። ያኔ ሴት ልጅ ኮርኒሽ ላይ ብስክሌት ስትነዳ አይታይም። እዚህ መንገድ ላይ የነዳሁት በዓይኔ ብቻ ነው፤ በእግራቸው የነዱት ጋሽ በላቸው ናቸው። ብስክሌት ስል ደግሞ እንዲህ ከፊቱ ቅርጫት ያንጠለጠለ የኪራይ ብስክሌት ማለቴ አይደለም። ቬርዶኒ ነው የምላችሁ!

ነገሩ የጀመረው ከአቡ ናስር ነው። አቡ ናስር የአባቴም የጋሽ በላቸውም ካፊል፣ አሠሪና ዋስ ነበር። አባቴ መኪናውን ይነዳለታል፤ ጋሽ በላቸው ደግሞ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ያለውን የቧንቧ መጋዘኑን ይጠብቁለታል። ሰውየው ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ ድምፅና አንድ ትልቅ አመል ነበረው፤ አሮጌ ዕቃ ካየ አያልፍም። አል ዐዚዚያ ያለው ቤቱ በድሮ ራዲዮ፣ በድሮ ስልክ፣ በቆመ የግድግዳ ሰዓት ተሞልቶ ነበር። ሁሉንም «ቱሕፋ» ይላቸዋል፣ የማይገኝ ብርቅ ዕቃ ለማለት። እናቴ ይህን ስትሰማ «ሀብታም ሲሰበስበው ቱሕፋ፣ ድኻ ሲሰበስበው ኮተት» ትላለች።

አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጠቅልሎ ሀገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ አቡ ናስር አንድ ትልቅ ካርቶን ገዛ። ውስጡ የተፈታታ ብስክሌት ነበር። ካርቶኑ መጋዘን ሲወርድ ጋሽ በላቸው ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩ፤ መልሰው ከደኑትና ላዩ ላይ ተቀመጡበት። አባቴ በዓይኑ ያየውን ነው የነገረን። አቡ ናስር «ያ በላቸው፣ ምን ሆንክ? ሙሽኪላ አለ?» ቢላቸው፣ «ይኼን ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ እኔ ነኝ የምገጥመው» አሉ። ለባለቤቱ ነው እንዲህ ያሉት!

አቡ ናስር ግን ዕቃውን የሚያከብርለት ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። «ግጠምልኝ፤ እንግዳ የምቀበልበት መጅሊሴ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ» አለ። ጋሽ በላቸው የሚያድሩበት የሠራተኞች ክፍል ደግሞ አቧራና አልጋ ብቻ ስለሆነ፣ አባቴ እናቴን ሳያማክር በረንዳችንን ሰጠ። እናቴ የልብስ ማስጫ ገመዷን ይዛ ሳሎን ስትገባ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ጋሽ በላቸው ለእኔ እንግዳ አልነበሩም። ዓርብ ዓርብ ይመጡ ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ሳሎናችን ነበር ቤተ ክርስቲያናችን። እናቴ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ታስነሳለች፣ ድምፃችን ለጎረቤት እንዳይሰማ። እኔ ግን ማሽኑም የአምልኮው ክፍል ይመስለኝ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ኃጢአታችንን እጠብልን» ተብሎ ሲጸለይ ማሽኑ ከወዲያ ጉርርር ሲል በጣም ነበር የሚገባኝ። ለዓመታት፣ የቆሸሸ ልብስ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚጸልይ ያሳስበኝ ነበር።

ካርቶኑ በረንዳችን ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ቴላዮው ነው፣ የብስክሌቱ አጥንት። ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተጭሮ ብረቱ ይታያል። በጎኑ በቢጫ ፊደል «ቬርዶኒ» የሚል ተጽፎበታል። መሪው በሚገባበት አንገቱ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ምስል ተለጥፋለች። ኮፍያ ያደረገ፣ ፊቱ ቀጭን፣ አገጩ ወደ ፊት የሾለ ሰው ነው። ምስሉን አየሁ። ጋሽ በላቸውን አየሁ። እንደገና ምስሉን አየሁ። አገጩ የራሳቸው ነው፣ አፍንጫው የራሳቸው ነው፣ ኮፍያው እንኳ መጋዘን የሚያደርጉት ኮፍያ ነው። ጋሽ በላቸው ማለት ቬርዶኒ ናቸው! ራሳቸውን ደብቀው ቧንቧ ይጠብቃሉ!

ይህ ለምን እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም? የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የሚደብቁት ነገር ስለነበራቸው ነው። እኛ መዝሙራችንን ከማሽን ጀርባ እንደብቃለን። እትዬ ወርቅነሽ፣ ሆስፒታል ጽዳት የሚሠሩት የጸሎት መሪያችን፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በምስር ከረጢት ውስጥ ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ ጋሽ በላቸው ዝናቸውን ቢደብቁ ምን ይገርማል? ምስጢሩን ለማንም ሳልናገር ከረምኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ በረንዳ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። የመጋዘኑ አውቶቡስ ከታች ሲያወርዳቸው ሳይ በደስታ እግሬ አይቆምም።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ብርዱ ገብቶ፣ ያ ሁሉ ሙቀት አልፎ በረንዳ ላይ መቀመጥ የሚቻልበት ወር ነበር። ጋሽ በላቸው ጋዜጣ ያነጥፋሉ፤ ብሎኖቹን በእናቴ የሻይ ሳህን ላይ በተርታ ይደረድራሉ። «ካቻቢቴ!» ሲሉ አቀብላለሁ። «ስድስት ቁጥር!» ሲሉ አቀብላለሁ። ካቴናውን በጋዝ አጥበን ዘይት ስንቀባው ጣቶቻችን ጥቁር ይሆናሉ፤ እናቴም ሁለታችንንም እኩል ትቆጣለች። ብስክሌቱ ተገልብጦ የኋላ ጎማው ሲሽከረከር ትክ ትክ ትክ የሚለው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሁሉ ግን ማስቲሹ ይበልጣል። የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ እንደ ሌላው አይደለም፤ ከመነዳሪው ውስጡ ተሰፍቶ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል። አቡ ናስር አዲስ ጎማ ከውጭ አስመጥቶ ነበር። ጋሽ በላቸው ማስቲሹን በጣታቸው በቀጭኑ ሲቀቡ እኔ አጠገባቸው አፍንጫዬን ቀስሬ አለሁ። ጭንቅላቴ ቅልል ሲለኝ መንፈስ ቅዱስ የወረደብኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን መታገሥ አቃተኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ጋሽ ቬርዶኒ» አልኩ።

«ማን?»

«አውቄዎታለሁ። ለማንም አልናገርም።» ወደ ነሐሱ ምስል ጠቆምኩ።

ምስሉን አዩ፣ አገጫቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ እኔ አይቼው በማላውቀው ሳቅ ፈነዱ። ወለሉ ላይ ተዘርግተው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ። አባቴ ሮጦ መጣ። «ይች ልጅህ ሾመችኝ!» አሉት።

እኔ በእፍረት ልቀልጥ ደረስኩ። ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከጋዜጣው ጫፍ አስቀመጡኝ።

«ምሕረትዬ፣ ቬርዶኒ ማለት እኮ አንድም ውድድር አሸንፎ የማያውቅ ሰው ነው።»

ቅር አለኝ። «ታዲያ ለምን ምስሉን ለጠፉለት?»

«ራሱ ነዋ የለጠፈው! ስሚኝ። በብስክሌት ቡድን ውስጥ አንድ አለቃ አለ። ሌላው ለሱ ነው የሚለፋው። ውኃ ታመጪለታለሽ፣ ከፊቱ ሆነሽ ነፋስ ትከልይለታለሽ፣ ጎማው ከተበሳ የራስሽን ነቅለሽ ትሰጪዋለሽ። ቬርዶኒ ዕድሜውን ይህንኑ ሲሠራ ኖረ። አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ አልወጣም። በመጨረሻ እግሩ ሲደክም እናቱ ጓሮ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተና የራሱን ብስክሌት መሥራት ጀመረ። በጎኑ ስሙን ጻፈ፤ አንገቱ ላይ ፊቱን ለጠፈ። ለምን እዚያ እንደለጠፈው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ማንም ነዳው ማንም፣ መስመሩን ከነጂው ቀድማ የምታልፈው ያቺ ፊት ናት። ቬርዶኒ ከዚያ በኋላ ስንቴ አንደኛ እንደወጣ አስቢው!»

ተነሥቼ ጨፈርኩ። ጋሽ በላቸው ብስክሌቱን ገለበጡና ፔዳሎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ከሥር አሳዩኝ። የጥፍር ያህል ትንሽ የውኃ ጠርሙስ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ቬርዶኒ ለአለቃው ሲያመላልስ የኖረውን ጠርሙስ ነው ማንም በማያየው ቦታ የቀረጸው። አስመስሎ የሚሠራ ሰው ይህን አያውቅምና ጠርሙሷ የሌለችበት ቬርዶኒ ቬርዶኒ አይደለም። አቡ ናስር ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም፤ ከነትልቅ ሆዱ በረንዳችን ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው ጠርሙሷን ያያት።

ይህን ሁሉ ለጋሽ በላቸው የነገራቸው በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። ጋሽ በላቸው ያኔ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ይወዳደሩ ነበር። እሳቸውም እንደ ቬርዶኒ ለአለቃ የሚለፉ ናቸው። አለቃቸው የሚነዳው ደግሞ ቬርዶኒ ነበር፣ ከተማው ውስጥ ያለው ብቸኛ ቬርዶኒ።

«ከድሬዳዋ ሐረር ነው የምንወዳደረው» አሉኝ በሌላ ቀን፣ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ እያጠበቁ። «የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ዞር ስል ማንም የለም። ሐሮማያ ሐይቅ ዳር ስደርስ ብቻዬን ነኝ። ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው፣ ግን አልተሰማኝም። ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ 'በላቸው! በላቸው!' ይላል። እናቴ ከሰጠችኝ ጀምሮ ስሜ እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የአሠልጣኙ ፒካፕ ከኋላ መጣ። አለቃችን ጎማ ተበስቶበታል። አሠልጣኙ በመስኮት ብቅ ብሎ 'በላቸው፣ ቁም!' አለኝ።»

«ቆሙ?»

«ፍሬኑን ጨበጥኩታ። ቸርኬዬን ነቅዬ ሰጠሁ። እሱ ገጠመና ሄደ፤ አንደኛም ወጣ። እኔ የተበሳ ጎማ ይዤ ሐይቁ ዳር ቀረሁ። ይገርምሻል፣ ቸርኬዬ ቬርዶኒ ላይ ገብቶ ሐረር ከተማ ተሸልሟል። እኔ ግን ቬርዶኒ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ሳይማረሩ ነው ይህን ያሉት። እኔ ግን አሠልጣኙን ባገኘው እነክሰው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ጋሽ በላቸው ቬርዶኒን መንዳት አለባቸው! ጊዜው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ዕድሜያቸው ገፍቷልና ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ አይታደስም ተብሎ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ተመትቶባቸው ነበር። ብርዱ ሳይወጣ ለሁልጊዜው አገር ቤት ይገባሉ። ብስክሌቱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በየዓርቡ ማሽኑ ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልየው ይህንኑ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ዓይኔን ብቻ ነበር የምጨፍነው።

አባቴ መኪና ውስጥ ጠየቀላቸው። አቡ ናስር «ኸላስ፣ በቃ! ቱሕፋ አይነዳም!» አለ። አባቴ ይህን ሲነግረን ጋሽ በላቸው «ልክ ነው፣ ንብረቱ ነው» ብለው ካቴናውን መወልወል ቀጠሉ። እኔ ተነሥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ጋሽ በላቸው የብስክሌቱን ኋላ ከበረንዳው ብረት ጋር በገመድ አንጠልጥለውታል። «ነይ» ብለው ኮርቻው ላይ አወጡኝ። እግሬ ፔዳሉን በጭንቅ ነው የሚነካው። ትክ ትክ ትክ አለ። «አሁን ደንገጎ ላይ ነሽ፣ በርቺ! አሁን ሐሮማያ ደርሰሻል!» ይላሉ። ከበረንዳችን ሳልወርድ ሐረር ገባሁ።

ጸሎቴን የሰማው የአቡ ናስር ወዳጆች ሐሜት ነው። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ወዳጆቹ «ያንተ ብስክሌት የግድግዳ ጌጥ ነው እንጂ አይሄድም» ብለው ቀለዱበት። ሰውየው ቱግ አለ። በረንዳችን ድረስ መጥቶ መዳፍ የምታህለውን ኮርቻ አየ፣ ሆዱን አየ፣ ከዚያ ጋሽ በላቸውን አየ።

«ዓርብ ጠዋት፣ ኮርኒሽ» አለ። «በካሜራ እቀርጽሃለሁ። ከትልቋ ዘንባባ እስከ ሻይ ኪዮስኩ፣ ቀስ ብለህ። ከዚያ ወዲያ ማፊ፣ የለም! ከጣልከው ከብስክሌቱ ጎን አንተንም እሰቅልሃለሁ።»

ከዘንባባዋ እስከ ኪዮስኩ ማለት እናቴ ድምፅዋን ሳታነሳ የምትጠራኝ ያህል ርቀት ነው። እኔ ተናደድኩ፤ ጋሽ በላቸው ግን «ይበቃል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድሞችና እህቶች ሊያሰናብቷቸው ቤታችን ተሰበሰቡ። ማሽኑ ተነሣ። እትዬ ወርቅነሽ ጣራ የሚነቅል ድምፃቸውን በሹክሹክታ ጨምቀው ጸሎት ጀመሩ። የተጸለየበት የወይራ ዘይት ነበራቸው፤ ጋሽ በላቸውን ተንበርክከው ሳሉ ግንባራቸውን ቀቧቸው። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከእኔ አንድ ዓይን በስተቀር። እትዬ ወርቅነሽ ከዚያ ወደ በረንዳው ዞሩ።

«መሣሪያውም ይባረክ! በሚሄድበት ሁሉ እንቅፋት አይግጠመው!» አሉና መሪውን ቀቡ፣ ኮርቻውን ቀቡ። ጎማዎቹ ጋ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡ። የሚሮጠው እሱ ነውና ሳይሆን አይቀርም፣ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ ገልበጥ አድርገው ሁለቱንም ቸርኬዎች ግራና ቀኝ ዙሪያውን አበሱ። ቸርኬው አብረቀረቀ። እኔም በልቤ «አሜን!» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ኮርኒሹ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። የሰሜኑ ነፋስ ባሕሩን እያንከባለለ ፊታችንን ይመታዋል። አቡ ናስር ካሜራውን ይዞ ኪዮስኩ ጋ ቆመ። እኔና አባቴ ዘንባባዋ ሥር ነን። ጋሽ በላቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። እንደ ልማዳቸው ቸርኬውን በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸውን አዩት፤ ከአውራ ጣታቸው ጋር አሻሹት፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት። መወልወያ ጨርቃቸው እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ኪሳቸው ተንጠልጥሏል። አላወጡትም። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ኮርቻው ላይ ወጡ። እኔ አቧራ ያገኙ ነበር የመሰለኝ።

ጀመሩ! መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ልክ እንደታዘዙት። ጉልበታቸው ይታመም የነበረው ሰውዬ ወዴት እንደሄዱ እንጃ፤ ጀርባቸው ጎበጥ፣ አገጫቸው ከመሪው በላይ ወጣ አለ። ኪዮስኩ ጋ ሲደርሱ አቡ ናስር እጁን ዘርግቶ «ኸላስ! ኸላስ! ቁም!» አለ።

አልቆሙም። ጭራሽ ፈጠኑ።

«ፍሬኑ!» የሚል ድምፅ በነፋሱ ውስጥ መጣ። «ፍሬኑ እምቢ አለ!»

አቡ ናስር «ምንድነው የሚለው?» ብሎ ጮኸ።

አባቴም እየሮጠ «ማፊ ብሬክ! ማፊ ብሬክ!» አለው።

አቡ ናስር ቀሚሱን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ ካሜራውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ መሮጥ ጀመረ። አንዱ ሰንደል ጫማው ሣሩ ውስጥ ቀረ። አባቴ እሱን ተከትሎ፣ እኔ አባቴን ተከትዬ። ነጩ ሸሚዝ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከኮርኒሹ ጥግ ጠፋ። አባቴ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ይላል፤ አቡ ናስርም በራሱ መንገድ ያንኑ ይላል። ስለ ሰውዬው ይሁን ስለ ብስክሌቱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለ ሁለቱም ይመስለኛል። እኔ ፈርቼም ደስ ብሎኝም እጮሃለሁ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ከዚያ ተመለሱ! ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው፣ ሸሚዛቸው እንደ ሸራ ተነፍቶ፣ ትክትክታው አንድ ረጅም ዜማ ሆኖ፣ በአጠገባችን ሽው ብለው አለፉ። «እምቢ አለ!» አሉ በድጋሚ። ዘንባባዋን አልፈው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ዘልዬ «በላቸው! በላቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ የሚለውን ረስቼው፣ በሰው ፊት፣ በስማቸው ብቻ! አባቴ አልተቆጣኝም።

ዞረው ሲመለሱ ቀስ ብለው መጡና እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ጣል አድርገው ከፊታችን ቆሙ። ጉንጫቸው በእንባ ርሷል። ነፋሱ ነው ወይ ፍርሃቱ ነው ብዬ አሰብኩ።

አቡ ናስር ትንፋሹን ሳይሰበስብ ፍሬኑ የሚነክሰውን ቸርኬ ነካ። እጁን አሸተተ። «ዘይት! ማነው እዚህ ላይ ዘይት የቀባው?»

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ምን ብሎ ይንገረው? ካፊሉን «እህታችን በጸሎት ቀብታው ነው» ይበለው? ማሽኑ፣ መዝሙሩ፣ የምስር ከረጢቱ ሁሉ ሊወጣ ነው። ልጅ ብሆንም ይህ ገብቶኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ በላቸው። «የባሕሩ ጨው ብረቱን እንዳይበላው ብዬ። አጠፋሁ።»

አቡ ናስር አያቸው። የረጠበውን ፊታቸውን አየ፣ አንድም ጭረት ያልተጨመረበትን ብስክሌት አየ፣ የራሱን ባዶ እግር አየ። ከዚያ «ያ መጅኑን! አንተ እብድ!» ብሎ በዚያ ትልቅ ድምፁ ሳቀ። ካሜራውን አነሣው፤ ሁሉንም ቀርጾታል። «ወዳጆቼ ይኼን ሲያዩ በቅናት ያልቃሉ!» አለ።

በሳምንቱ ጋሽ በላቸው ሄዱ። ሊሰናበቱን ሲመጡ የእትዬ ወርቅነሽን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እህቴ፣ ቅባቱ ሠርቷል» አሏቸው። እትዬ ወርቅነሽ በእልልታ ፈንታ አፋቸውን ይዘው አነቡ፤ እኛም ሁላችን «አሜን» አልን። ሊገድላቸው የነበረውን ዘይት እንዲህ ማመስገናቸው ትሕትና ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለዓመታት ታሪኩን ያወራሁት እንደዚያ ነው፤ ፍሬን አጥተው ለጥቂት የተረፉ ሽማግሌ ታሪክ አድርጌ።

እንግዲህ ባለፈው ወር የኪራይ ብስክሌቴን ይዤ ከዚያችው ዘንባባ ሥር ተነሣሁ። አድጋለች፤ ኪዮስኩ ግን የለም። ሁለት ልጃገረዶች እየሳቁ በብስክሌት አለፉኝ። ነፋሱ ያው የሰሜኑ ነፋስ ነው፣ ከፊት ለፊት። ኪዮስኩ የነበረበት ጋ ስደርስ ደክሞኝ እግሬን ከመምታት አቆምኩ። ፍሬን አልነካሁም። ብስክሌቱ ትንሽ ሄደ፣ ዘገመ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ፊት አየሁ፣ ወደ ኋላ አየሁ። መንገዱ እንደ መዳፍ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። እንዲህ ባለ መንገድ፣ በእንዲህ ያለ ነፋስ ላይ፣ ብስክሌት ለማቆም ፍሬን አያስፈልግም። እግርን ማቆም ብቻ ይበቃል። ጣታቸውን ሲያሸቱ ታየኝ። ኪሳቸው ውስጥ የቀረው ጨርቅ ታየኝ። ሐሮማያ ዳር «ቁም!» ሲባሉ የጨበጡት ፍሬን ታየኝ። ጋሽ በላቸው! እዚያው መንገድ መሐል እንደ ልጅ ጮኼ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ።

ከኋላዬ ብስክሌት አከራዩ ያፏጫል። ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ እጁን እያወዛወዘ «ኸላስ! ኸላስ!» ይለኛል።

ፔዳሉን ረገጥኩ። ነፋሱን በደረቴ ገፋሁና በሙሉ ድምፄ፣ በአማርኛ መለስኩለት።

«ፍሬኑ እምቢ አለ!»